ዜና የሚመርቁት ጋሽ ሳልህ

የጋሽ ሳልህን ሞት የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ቆየችና፣ "አክስቴ፣ እኚህን ሰውዬ ታውቂያቸዋለሽ? ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር ይላል" አለችኝ። ፎቶግራፉን አየሁት። ሽበቱን አላውቀውም፤ አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ ያለበትን ፊት ግን የትም ባገኘው አልስተውም። ከፎቶው ሥር ብዙ ሰው "አላህ ይዘንላቸው" ብሎ ጽፏል። አንዳንዱ ለመጻፍ ሰንፎ የሚያለቅስ ቢጫ ፊት ብቻ ለጥፎ አልፏል። ጋሽ ሳልህ ያንን ቢጫ ፊት ቢያዩት ምን እንደሚሉ ስለማውቅ ፈገግ አልኩ። የእህቴ ልጅ ገርሟት አየችኝ።

በማግስቱ ደሴ፣ አረብ ገንዳ፣ ቤታቸው ሄጄ ለቅሶ ደረስኩ። አያታቸው ከየመን መጥተው ሱቅ የከፈቱበት ግቢ ነው። ለቀስተኛው ስለ ዐዋቂነታቸው ያወራል፤ ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር በዚህ አገር ቀድመው ከነኩት አንዱ ናቸው ይላል። እውነት ነው። እኔ ግን የማስታውሳቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጋዜጣ ሲመርቁ ነው።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። እኛ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል የሚባል ክፍል ነበረ። ኮምፒውተር ስል ዛሬ ሰው ጭኑ ላይ የሚያስቀምጠውን ማለቴ አይደለም። ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ብረቶች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድረው እንደ ወፍጮ ይጮሁ ነበር። ሥራቸው የጥጥና የክር ሂሳብ መደመር ነው። ጋሽ ሳልህ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ ማለት ብረቱ ምን ከምን አስቀድሞ እንደሚሠራ በራሱ ቋንቋ ያዙታል። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ተሾመ የሚባል ወጣት ሁለተኛው ፕሮግራም ጸሐፊ ነበር። እኔ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የተቀጠርኩ ካርድ በሺ ነበርኩ። ከየክፍሉ በእጅ ተጽፎ የሚመጣውን ቁጥር፣ የጽሕፈት መኪና በሚመስል መሣሪያ ወፍራም ካርድ ላይ በቀዳዳ መልክ አሰፍረዋለሁ፤ ብረቱ የሚያነበው ቀዳዳውን ነው።

ሦስታችንም ከደሴ በፋብሪካው ሰርቪስ እንመላለሳለን። ጠዋት ጉም ውስጥ ካፖርት ደርበን እንነሳለን፤ ቁልቁለቱን ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንገባ ካፖርቱን በክንዳችን ይዘን ላብ እናብሳለን። ብረቱ ሙቀት አይወድም። ማቀዝቀዣው ተከፍቶ ክፍሉ እስኪበርድ ድረስ አይነሳም። በዚያ ጊዜ የምንሠራው ሥራ የለም፤ እንጠብቃለን። የዜናው ነገር የተጀመረው በዚህ መጠበቅ ነው።

ጋዜጣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ዘግይቶ ይደርሰናል። በመጨረሻው ገጽ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዜና የሚወጣበት ዓምድ ነበረ። ጋሽ ሳልህ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ "በል ተሾመ፣ ዜናውን ጀባ በለን" ይላሉ። ተሾመ መጀመሪያ ሲመጣ ጀባ ማለት እነሆ ማለት መሆኑን ስለማያውቅ አፉን ከፍቶ አይቷቸው ነበር፤ በኋላ ለመደ። ድምፁን እንደ ራዲዮ ዜና አንባቢ አወፍሮ ያነባል።

"በጃፓን አገር ፒያኖ የሚጫወት ሮቦት ተሠራ።"

ጋሽ ሳልህ ሁለት መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ ፊታቸው እንደ ትልቅ ሼህ ፊት ይኮሳተራል።

"ጣቱን ያለምልምለት።"

"አሚን" እንላለን።

"የወለደ አንጀት ይስጠውና፣ ይቺ ማቀዝቀዣ ስትቆም እኛን በማራገቢያ የሚያራግብ አንድ ታናሽ ወንድም ይላክልን።"

"አሚን!"

ወሎ ውስጥ ምርቃት ተሰምቶ አሚን ሳይባል አይታለፍም። እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቀዋል። የሚመርቅ ሰው ድምፁን ማንሳት ሲጀምር አፋችን ቀድሞን ይሄዳል። ጋሽ ሳልህ ይህን የአገር ወግ ወስደው የሩቅ አገር ዜና አለበሱት። ከወዳጅ አገር የተላከ መንኮራኩር ሌላ ዓለም ደርሶ አፈር ዘገነ ሲባል፣ "ያንን ያህል መንገድ የሄደ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ስልክ ማገናኘት አይሳነው" አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በየቤቱ ኮምፒውተር ይገባል የሚል ዜና የመጣ ቀን ተሾመ ሳይጨርስ ሳቀ።

"በየቤቱ! እኔ የተከራየሁት ቤት ውሃ እንኳ አልገባም!"

"አትሳቅ" አሉ ጋሽ ሳልህ። መዳፋቸውን ዘረጉ። "ኮምፒውተሩ በየቤቱ ይግባ። መብራቱ ግን ይቅደመው፤ እንግዳ ገብቶ ባለቤቱን በጨለማ አይጠብቅ።"

"አሚን!"

ያን ዕለት መብራት ሄዶ ከሰዓትን ሙሉ ያለ ሥራ ተቀመጥን። "ቶሎ ነው የሰማን" አሉ።

ጋሽ ሳልህ ማሽን አምላኪዎችን አይወዱም ነበር። ሥራ አስኪያጁ እንግዳ ይዘው በመጡ ቁጥር፣ "ይሄ መሣሪያ ፈጽሞ አይሳሳትም" ይላሉ። ጋሽ ሳልህ አጎንብሰው ያዳምጣሉ፤ እንግዳው ሲወጣ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "ዘሐራ፣ ታዛዥ ነው እንጂ መቼ ዐዋቂ ሆነ? አህያም ገደል ግባ ካሉት አይሳሳትም" ይላሉ።

የማይቀልዱበት ሰው ግን ነበረ። አንድ ቀን እትዬ ፋጡማ የምትባል የፈትል ክፍል ሠራተኛ በራችንን ገፋ አድርጋ ገባች። ልጇ ሰሜን ዘምቶ ከቀረ ቆይቷል። ክፍላችን ውስጥ ሁሉን የሚያውቅ ብረት አለ ሲባል ሰምታለች። ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ፣ በባዶ እግሯ ብረቱ ፊት ቆመች።

"ወንድሜ ሳልህ፣ ልጄ አለ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ።"

ተሾመ አፉን በጋዜጣው ሸፈነ። ጋሽ ሳልህ ተነስተው ወንበራቸውን ሰጧት።

"እትዬ ፋጡማ፣ ይሄ የነገሩትን ብቻ ነው የሚያውቅ። ስለ ልጅሽ የነገረው ሰው የለም።"

"ታዲያ ንገሩትና ይወቀው!"

  ጋሽ ሳልህ የልጁን ስም ጠየቋትና እኔን ካርድ ላይ እንድበሳው አዘዙኝ። በሳሁት። ካርዱን ብረቱ ውስጥ አስገቡት፤ አንብቦ መለሰው። "ይኸው ስሙን አውቆታል" አሏት። "ያለበትን የሚያውቀው ግን አላህ ብቻ ነው። አብሽሪ።" ካርዱን ደረቷ ውስጥ ከታ፣ መርቃን ሄደች። ተሾመ ያን ዕለት ዜና አላነበበም።

አሁን ወደ ጓድ እንድሪስ ልምጣ። የፋብሪካው ካድሬ ነበር። ቢስቲማ የምትባል የወሎ ከተማ ልጅ ነው፤ አባቱ ቁርኣን ያቀሩ፣ ያስተምሩ ነበር ይባላል። እሱ ግን ሰላምታ እንኳ "አሰላሙ አለይኩም" ስንለው "እንደምን ዋልሽ፣ ጓድ" ብሎ ይመልሳል። ክፉ ሰው ነው አልልም። ረጅም ሰው ነው፤ ቁመቱን ሳይሆን ንግግሩን ማለቴ ነው። በየሳምንቱ በውይይት ክበብ አዳራሹን ሰብስቦ፣ "የንዑስ ከበርቴው ወላዋይ ባሕርይ ከአድኃሪው ቅሪት ጋር ባለው ተጻራሪ ትስስር አኳያ" ብሎ ከጀመረ፣ ሸማኔው ዓይኑን ከፍቶ መተኛትን የተማረው እዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሚቀጥለውን ንግግር የሚያዘጋጀው እኛ ክፍል በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ነበር። በፋብሪካው ውስጥ የሚቀዘቅዝ ቦታ የኛ ብቻ ነውና፣ በበሩ ሥር የሚወጣውን ብርድ ይሞቅ ነበር ብል ይሻላል።

አንድ ቀን ጋዜጣው ዘግይቶ ከሰዓት ደረሰ። ማን በር ላይ እንዳለ አላሰብንም። ተሾመ አነበበ።

"የውጭ አገር ሊቃውንት፣ አንዱን ቋንቋ ወደ ሌላው በራሱ የሚተረጉም ኮምፒውተር በመሥራት ላይ ናቸው።"

ጋሽ ሳልህ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ሥራቸውን ያቅናላቸው።"

"አሚን።"

"ፈጥነው ይጨርሱልን።"

"አሚን።"

"እኛም ጋ ይምጣና፣ ካድሬያችን የሚናገረውን ወደ አማርኛ ይተርጉምልን!"

"አሚን!" ተሾመ ጠረጴዛ መታ። እኔም ብያለሁ።

በሩ ተከፈተ። ጓድ እንድሪስ ወረቀቱን ይዞ ቆሟል።  በረጅሙ ይናገራል ብዬ ስጠብቅ ወረቀቱን አጥፎ መሄዱ ነው ያስፈራኝ።

በማግስቱ ጋሽ ሳልህ ተጠሩ። ክሱ ሁለት ነው፤ በሥራ ቦታ ኋላ ቀር እምነት ማስፋፋትና በአብዮቱ ላይ ማላገጥ። በሚቀጥለው ስብሰባ በሠራተኛው ፊት ግለሂስ ያደርጋሉ፤ ጥፋታቸውን በገዛ አፋቸው ያምናሉ። ከደሴ የፓርቲ ሰው መጥቶ ይመራል። ግለሂሱ ካልተወደደ ከሰውየው ጋር በመኪና ወደ ደሴ ይሄዳሉ። ደሴ ማለት ቤታቸው ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከዚያ በፊት አንድ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ከዚህ ባነሰ ቃል ሄዶ፣ ሚስቱ ምግብ ይዛ በየእስር ቤቱ በር ስትንከራተት አይተናል። የጋሽ ሳልህ ባለቤት ያን ጊዜ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። የሚጠይቃቸው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ተሾመ በጣም ደነገጠ። "ጋሽ ሳልህ፣ ግለሂሱን እኔ እጽፍልዎታለሁ። እርስዎ ከጻፉት ያልቅልናል" አላቸው።

"ጻፍ።"

"የተጻፈውን ብቻ ነው የሚያነቡት። አንድ ቃል አይጨምሩ፤ አንድ ቃል አይቀንሱ። ቅንድብዎንም አያንሱ።"

"ወላሂ ከወረቀቱ ዝንፍ አልልም። ቅንድቤን ግን አላህ ነው እንዲህ ያደረገው።"

ተሾመ አዲስ አበቤ ነው፤ ልቅም ያለ የስብሰባ አማርኛ ጻፈ። እኔ በጽሕፈት መኪና መታሁት። ስመታው አንድም ነገር አልታወቀኝም፤ ወረቀት ድምፅ የለውማ።

አዳራሹ ሞልቷል። የደሴው ሰው መድረኩ ላይ መሀል ተቀምጧል፤ ሸምገል ያለ፣ ካኪ የለበሰ ነው። ጓድ እንድሪስ በጎኑ ነው። ጋሽ ሳልህ ወጡ። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ተማሪ መስለው ማንበብ ጀመሩ። አድኃሪ ቀልድ መቀለዳቸውን አመኑ። የሰፊውን ሕዝብ ትግል ማቃለላቸውን አመኑ። ሸማኔዎቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ማንም ዓይኑን ከፍቶ አልተኛም። እትዬ ፋጡማ ከፊት ናት። መጨረሻው አንቀጽ ላይ ደረሱ።

"አብዮቱ ከስህተቴ ያርመኝ" አሉ።

ከፈትል ክፍል በኩል አንድ የሴት ድምፅ፣ "አሚን" አለ።

ጋሽ ሳልህ ቆሙ። ወደ ተሾመ አዩ። ተሾመ ግንባሩን ይዟል። ወረቀቱ ላይ ገና ቀሪ አለ፤ ከወረቀቱ ዝንፍ ላይሉ ደግሞ ምለዋል። ቀጠሉ።

"ከሰፊው ሕዝብ ጎን ያቁመኝ።"

"አሚን!" አለ ግማሹ አዳራሽ።

"ከክፉ ሁሉ ጠብቆ፣ ለቁም ነገር ያብቃኝ።"

"አሚን!!"

የቆርቆሮው ጣሪያ ጮኸ። ሰው ያደረገውን ገና ያን ጊዜ ሰማ። ጓድ እንድሪስ ተስፈንጥሮ ተነሳ። እጁን ወደ አዳራሹ ቀስሮ፣ ምስክር ፍለጋ ወደ ደሴው ሰው ዞረ። የደሴው ሰው ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ነበር። ዱአ ሲያልቅ እንደሚደረገው ፊቱን እስከ አገጩ ጠርጎ ጨርሶ፣ እጁ አገጩ ላይ እንዳለ ነቃ። እዚያው ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ መሀረብ ከኪሱ አወጣና ደረቅ ግንባሩን ጠረገ።

"ኮምቦልቻ ይሞቃል" አለ።

ማንም አልሳቀም። መሳቅ ብንጀምር እንደማናቆም እናውቅ ነበር።

"ግለሂሱ" አለ ሰውየው ወረቀት እያገላበጠ፣ "ግለሂሱ በሠራተኛው ሙሉ ድምፅ ተቀባይነት አግኝቷል። ወደሚቀጥለው አጀንዳ።" ጓድ እንድሪስ ተቀመጠ።

ማታ ሰርቪሱ ከፋብሪካው በር ርቆ ሽቅቡን ሲይዝ ሳቁ ፈነዳ። ሾፌሩ ሳይቀር እንባውን ይጠርጋል። የመሀረቡን ነገር አንዱ ሲያሳይ ሌላው ይቀበለዋል። ጋሽ ሳልህ በመስኮት ያያሉ።

"ጋሽ ሳልህ፣ ይሳቁ እንጂ!" አላቸው ተሾመ። "ዳኑ እኮ!"

"አንተ ልጅ፣ እነሱ የቀለዱ መሰለህ?"

"ታዲያስ?"

"ከልባቸው ነው ያሉት።" ቅንድባቸው እንደ ሌላው ሰው ቅንድብ ተስተካክሎ ያየሁት ያን ማታ ነው። "እኔ ስቀልድበት የኖርኩትን ነገር እነሱ የምር አደረጉልኝ።"

ከዚያ በኋላ ዜና መመረቅ ተዉ። ተሾመ ያነባል፤ ሮቦት፣ መንኮራኩር፣ በኪስ የሚያዝ ኮምፒውተር። እሳቸው "እንግዲህ በርቱ በላቸው" ብለው ያልፋሉ። ክፍሉ ቀዘቀዘ፤ ማቀዝቀዣውን ማለቴ አይደለም። ባለቤታቸው ድነው ከቦሩ ሜዳ ወጡ፤ ያኔም ቢሆን መዳፋቸውን አልዘረጉም። ጓድ እንድሪስም በራችን አጠገብ መቀመጡን ተወ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ብረቱ ሊነሳ ሲል በሩ ተንኳኳ። ጓድ እንድሪስ ነው። አንኳኩቶ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። የወታደር ልብስ ለብሷል፤ ኮሌታው ለአንገቱ ሰፍቶታል።

"ጋሽ ሳልህ" አለ። ጓድ አላለም።

"አቤት፣ ጓድ እንድሪስ።"

"ወደ ሰሜን ታዝዣለሁ። መኪናው ውጪ ቆሟል።"

"ዛሬውኑ?"

"ዛሬውኑ። እናቴ ያለችው ቢስቲማ ነው፤ ደርሼ እንድመለስ አልፈቀዱልኝም።"  ንግግር ያጠረው ሰው ይመስል ነበር፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። "ሳልመረቅ ከምሄድ... እርስዎ ቢመርቁኝ ብዬ ነው።"

ተሾመ ወደ እኔ አየ። ቂም የሚወጣበት ቀን ቢኖር ይህ ነበር። ሊያስወስዳቸው የነበረ ሰው ነው። ጋሽ ሳልህ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ተነሱ። መዳፋቸውን ዘረጉ።

"አላህ በሰላም ያድርስህ።"

"አሚን" አልን፤ እኔና ተሾመ።

"ከጥይት ይሰውርህ።"

"አሚን።"

"እናትህ ዓይንህን ትየው። የሌላዋም እናት እንደዚያው።"

"አሚን።"

ጓድ እንድሪስ አንገቱን ደፍቶ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል።  የጋሽ ሳልህ አንዱ ቅንድብ ወደ ላይ ሄደ።

"በደህና ተመልሰህም፣ ንግግርህን ያሳጥርልን።"

"አሚን!" አለ ጓድ እንድሪስ። ከሁላችንም ቀድሞ ነው ያለው። ሲስቅ የፊት ጥርሱ ፍንጭት መሆኑን አየሁ፤ ያን ያህል ዘመን ሲናገር አላየሁትም ነበር። የጋሽ ሳልህን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ወጣ። መኪናው ሲነሳ ሰማን።

"እሱም ይመረቃል?" አለ ተሾመ።

ጋሽ ሳልህ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ ነበር።

"ንግግሩን እንዲያሳጥር እኮ መጀመሪያ መመለስ አለበት" አሉ።